የዶዘር ጉድጓድ

አራት ገጽ ቅጽ! ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ገጽ ከነጀርባው። «ከዚህ በፊት ኤሊ አሳድገው ያውቃሉ?» ይላል አንዱ ጥያቄ። «የግቢዎ አጥር ምን ያህል ከፍታ አለው?» ይላል ሌላው። «ቤት ውስጥ ቶሎ የሚቆጣ ሰው አለ?» የሚል ቢኖርበት ኖሮ ባለቤቴ ኖርማ እስክሪብቶውን ነጥቃ ራሷ ትሞላው ነበር። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼው ቁጭ ብያለሁ፤ ደሜ ፈልቷል።

ዶዘርን እኮ ነው! ዶዘርን የማላውቀው ይመስል! የሻይ ማስቀመጫ ሳህን እንኳ ሳያክል፣ በጫማ ካርቶን ሆኖ የመኪናችን ጋቢና ውስጥ ሲገባ እኔ እዚያው ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። መዋኛ ገንዳ የቆፈርንላቸው ሰዎች ከከተማችን ከቱሶን ለቀው ሲሄዱ «ወይ ውሰዱት፣ ወይ በረሃ እንለቀዋለን» አሉን። ቼቦ «የምን በረሃ ነው? የዚህ ዘሩ አፍሪካ ነው። የኛ በረሃ የታኅሣሥ ብርድ ይደፋዋል» ብሎ ካርቶኑን ታቀፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳዬ የተረፈውን የሐብሐብ ልጣጭ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስልሳ ኪሎ ይመዝናል፤ የቆመ ነገር ካየ ገፍቶ ካልጣለ አይመለስም። ስሙንም ያወጣንለት ለዚህ ነው።

ቼቦ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሠላሳ ዓመት አብረን ገንዳ ቆፍረናል። እኔ እቆፍራለሁ፣ ፌሮ አስራለሁ፣ ኮንክሪት ሞልቼ እለስናለሁ፤ እሱ ቧንቧውንና ማፋሰሻውን ይሠራል። ልስኔን ጨርሼ ወገቤን ሳቀና ገና ሳይደርቅ ጠርዙ ላይ ቆሞ «ላይል፣ ውሃው በየት ይወጣል?» ይለኛል። ሁልጊዜ! አንድም ቀን «እጅህን ይባርከው» ብሎኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ «ውሃ የሚይዝ ገንዳ ሠራሁልህ፣ መውጫውን አንተ ፈልግ» እለዋለሁ። እንዲህ እየተነታረክን ነው ያረጀነው።

መጋቢት ላይ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ገባ። ዶዘር ያደገበት ቤቱ ሊሸጥ ሆነ። ልጁ ግራሲዬላ የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው፤ ዶዘርን ሊፍት ውስጥ አታስገባው። እኔ እንግዲህ የጓሮዬን በር ከፍቼ ስልክ እየጠበቅኩ ነው። ስልኩ ተደወለ።

«አጎቴ ላይል» አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ዶዘርን ለኤሊ ወዳጆች ማኅበር አስረክቤዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለማኅበሩ። ቤት ለሌላቸው ኤሊዎች አሳዳጊ ይፈልጋሉ። አንተም ከፈለግህ ቅጽ ትሞላለህ፣ መጥተው ግቢህን ያያሉ።»

«እኔ? እኔ ነኝ ቅጽ የምሞላው? ልጄ፣ አንቺ ጥርስ ሳታወጪ ነው እኮ እኔና አባትሽ…»

«አውቃለሁ አጎቴ። ግን እንዲህ ይሻላል ተብሎ ነው» አለችና ድምጿ ተሰበረ። ያለቀሰች መሰለኝ። ምን ያስለቅሳታል? ያስለቀሰችው እኔን! ስልኩን ዘጋሁት። ሠላሳ ዓመት ገበታዋን ተካፍዬ እንደ መንገደኛ ፎርም ሙላ ትበለኝ! ኖርማ «ተረጋጋ፣ ልጅቷ የራሷ ጭንቅ አለባት» ስትለኝ «የማን ወገን ነሽ?» አልኳት። «የኤሊው» አለችኝ።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሞላሁት። እንዴት አልሞላ? ሐሙስ ሐሙስ ቼቦን ልጠይቅ ስሄድ ከሰላምታ በፊት የሚወጣው ቃል «ዶዘርስ?» ነው። ግማሽ አፉ ስለማይንቀሳቀስ ቃሉ እየተንሸራተተ ነው የሚወጣው። ሰውዬው አልጋ ላይ ተኝቶ የቀረችው አሳብ ያቺ ብቻ ናት። ዶዘር ለማያውቀው ሰው ተሰጥቶ ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?

ማኅበሩ የላካት ወይዘሮ ፖሌት የምትባል ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከወገቤ ብዙም አትበልጥም፤ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጋ ሜትር ይዛ መጣች። ግቢዬን እንደ ፈተና ወረቀት አረመችው። አጥሩ ዳር ያለው ባለ ሮዝ አበባ ቁጥቋጦ መርዝ ነው፣ ይነቀል። ኖርማ ናት የተከለችው፣ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ነቀልኩት። በሩ ሥር ቀዳዳ አለ፣ ይደፈን። ደፈንኩት። ከዚያ ስለ ጉድጓዱ ጀመረች።

«ትልቅ ኤሊ ነው፣ በጋውን ከመሬት በታች ነው የሚያሳልፈው። ጉድጓዱ ግቢው ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ይሁን። ወለሉ አፈር ይሁን። እዚህ ወረቀት ላይ ሥዕሉ አለ…»

«ወይዘሮ ፖሌት» አልኳት፤ «እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ነው የቆፈርኩት።»

«እሱን ሰምቻለሁ» አለች ፈገግ ብላ። «ወረቀቱን ግን ያንብቡት።»

ለቀባሪው አረዱት! በዚህ ከተማ ከእግር በታች ያለውን መሬት ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይቅደመኝ። ሁለት ክንድ ስትወርድ ያ ነጭ ኖራማ ድንጋይ እንደሚጠብቅህ፣ አካፋህን እንደሚያጥፈው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ወረቀቱን መሣሪያ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ሰካሁት። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

የቆፈርኩት ታችኛው ጥግ ላይ፣ ከብሎኬት አጥሩ ሥር ነው፤ ጥላ ያለው እዚያ ነዋ። በሰባ አንድ ዓመቴ ሦስት ቀን ድንጋይ መስበሪያ ማሽን ጨብጬ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። ቁልቁል የሚወስድ መግቢያ ሠራሁ፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ኤሊ የሚያስተኛ ክፍል አወጣሁ። ፌሮ አሰርኩ። ወለሉንም ግድግዳውንም ኮንክሪት ሞላሁ፣ ጥግ ጥጉን አድቦልቡዬ ለሰንኩት፤ ውሃ ልክ ባስቀምጥበት አረፋዋ ንቅንቅ አትልም። ጣሪያውን በኮንክሪት ደፍኜ አፈር ቆለልኩበት። ከአሮጌ ሥራ የተረፈ ሰማያዊ ሴራሚክ ነበረኝ፣ መግቢያው አፍ ላይ ዙሪያውን ለጠፍኩት።

ኖርማ ሎሚ ውሃ ይዛ መጥታ ዙሪያውን ዞራ አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ መወጣጫ መሰላሉንስ መቼ ነው የምትገጥምለት?»

«የምን መሰላል?»

«የመዋኛው።»

«ሂጂ ወደዚያ!» አልኳት።

እንግዲህ የሠራተኛ ወግ አለ፤ ማንም ገንዳ ሠሪ ሥራውን ሳይፈትን አያስረክብም። እኔም እንደ ወጉ ቱቦዬን ዘርግቼ እስከ አፉ ውሃ ሞላሁት። ምልክት አድርጌ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ጠብታ አልጎደለም! የጣት ስፋት እንኳ! ኖርማን ጎትቼ አሳየኋት። «አየሽ? ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ እጄ አልከዳኝም» አልኳት። እሷ ውሃውን አየች፣ እኔን አየች፣ «ኤሊ ይዋኛል እንዴ?» አለች። «ምን አገናኘው?» ብዬ በፓምፕ መጠጥኩት። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ምን ልትል እንደፈለገች ያኔ አልገባኝም።

ወይዘሮ ፖሌት ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ሸሚዝ ቀይሬ ነው የተቀበልኳት። ጠርዙ ላይ ቆመች። ሰማያዊውን ሴራሚክ አየች። በእጇ ልስኑን ዳበሰችው። ምስጋና እየጠበቅሁ ነው።

«አቶ ላይል» አለች፤ «ውሃው በየት ይወጣል?»

ክው አልኩ። ቃል በቃል የቼቦ ጥያቄ! ከአንዲት የሒሳብ አስተማሪ አፍ! ከዚያ ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ።

«የምን ውሃ? ጣሪያ አለው እኮ! ጣሪያው ይታይዎታል?»

«ሐምሌ እየመጣ ነው። ይሄ የግቢዎ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ዝናቡ በመግቢያው ሲወርድ ወለሉ አፈር ቢሆን ይሰርግ ነበር። ይሄ ግን ይይዘዋል። ኤሊ ደግሞ መዋኘት አይችልም።»

«እዚህ ቤት ስኖር ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ ውሃ ሲጠራቀም አላየሁም!»

«ድሮ ይሰርግ ነበራ» አለች ረጋ ብላ። «ወለሉን ይስበሩት፤ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ሌላ ይቆፍሩ። አንድ ሳምንት እጠብቅዎታለሁ።»

ስበረው! በሕይወቴ ያማረውን ልስን፣ ሁለት ቀን ውሃ ይዞ ጠብታ ያላፈሰሰውን፣ በገዛ እጄ ስበረው! ያን ቀን እራት አልበላሁም። ለኖርማ «ሴትዮዋ ሰው ጤፉ ናት» አልኳት። «ግራሲዬላ ናት ይሄን ሁሉ ያመጣችብኝ» አልኳት። ኖርማ ሳህኗን እያጠበች «ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል» አለችኝ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ነው የምናገረው። አልሰበርኩትም። ሃያ ጋሪ አፈር አምጥቼ ኮንክሪቱ ላይ ጉልበት የሚደርስ ደልድዬ ረገጥኩት። ሴትዮዋ ስትመጣ «ሰብሬዋለሁ» አልኳት። ዓይኗን አይቼ ነው ያልኳት። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ወጋ ወጋ አደረገች።

«ቦታው አሁንም ዝቅ ያለ ነው» አለች። «ወለሉ ከተሰበረ ግን ይሰርጋል። አምኜዎታለሁ።» ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ኖርማ ከመስኮቱ ሆና ሰምታለች፤ መስኮቱን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

ዶዘር መጣ። አራት ሰው ሆነን ነው ከመኪና ያወረድነው። ግቢውን አንድ ዙር ዞረ፣ የውሃ ባልዲዬን ገፍቶ ደፋው፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጠዋት ጠዋት እሾሁን ያነሳሁለት የቁልቋል ቅጠል ይዤ ስጠብቀው አንገቱን አስግጎ ይወጣል። እጄን ያሸታል። አወቀኝ! ለቼቦ ስነግረው ደስታዬ ከአፌ ይቀድመኝ ነበር። «ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው ያለው፣ ቤተ መንግሥት!» አልኩት። ቼቦ በደህናው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ። «ሴትዮዋ አየችው?» አለ። «አይታለች፣ ፈርማለች» አልኩት። በሚቀጥለው ሐሙስም «ሴትዮዋ አየችው?» ነው። ምን አስጨነቀው ስለ ሴትዮዋ? የኔ ቃል አነሰው? ይሄም አናደደኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሰማዩ ከተራራው ወዲህ ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራው መጣ፣ ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ነጎድጓዱን የፈራው ዶዘር እየተንደረደረ ጉድጓዱ ገባ። እኔም በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ «አየሽ፣ ቤቱን አውቆ ገባ» አልኳት ኖርማን። በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ወንዝ ሆነ። የግቢው ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደ፤ ሰማያዊውን ሴራሚክ ተሻግሮ ቁልቁል ወረደ።

«ላይል» አለች ኖርማ። «ላይል! እየሞላ ነው!»

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስደርስ መግቢያው ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ያ ሁሉ ያመጣሁት አፈር ጭቃ ሆኗል። እየተሳብኩ ገባሁ፤ በጣሪያውና በውሃው መሀል አንድ ክንድ አየር ነው የቀረው። ጨለማ ነው። በእጄ እየዳበስኩ አገኘሁት፤ ጥጉ ላይ ተለጥፎ አንገቱን ወደ ጣሪያው ወጥሯል፣ አፍንጫው ብቻ ነው ከውሃ በላይ ያለው። ልጎትተው ብል እግሩን ጭቃው ውስጥ ተክሎ እምቢ አለ። ስልሳ ኪሎ! ጉልበቴን ከደረቱ ሥር አስገባሁና አገጩን በመዳፌ ደግፌ ያዝኩት።

«ውጣ!» ትጮኻለች ኖርማ ከላይ። «ሁለታችሁንም ልቀብር ነው? ውጣ ብዬሃለሁ!»

«ፓምፑን አምጪ! መኪናው ላይ ነው! ገመዱን ሳቢው!»

ኖርማ ያንን ፓምፕ በሕይወቷ ነክታው አታውቅም። አንዴ ሳበችው፣ አልነሳም። ሁለተኛ፣ አልነሳም። እዚህ ልደግመው የማልችለውን ስድብ ስትሰድበው ሰማሁ፤ መጀመሪያ ፓምፑን፣ ቀጥሎ እኔን። ውሃው አገጬ ደርሷል። ዶዘር አፍንጫውን በእጄ ላይ እንፍ ሲል እየሰማሁ «አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ» እለዋለሁ፤ ውስጤ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። እንዴት አድርጌ እንደለሰንኩት ትዝ ይለኛል። ጠብታ አያፈስም። ለቼቦ ምን እለዋለሁ? ዶዘርን ገንዳ ውስጥ አሰጠምኩት እለዋለሁ?

በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ፓምፑ ተነሳ። ውሃው ከደረቴ በታች እስኪወርድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። ዝናቡ ቀድሞን ቆሞ ነበር። ዶዘርን በገመድና በሳንቃ ጎትተን ስናወጣው በአፍንጫው ጭቃ ተፋ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበና ተኛ። ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ኖርማ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

«ደውልላት» አለችኝ።

ደወልኩ። «ወይዘሮ ፖሌት፣ ዋሽቼዎታለሁ። ወለሉን አልሰበርኩትም ነበር» አልኩ።

«አንገቱን እያወጣ ነው?» አለች። እርጥብ መንገዱን እየነዳች መጣች፤ ኤሊ የሚያክም ሐኪምም ይዛ ነበር። ሳንባው እስኪታይ እሷ ዘንድ እንዲቆይ ወሰደችው። እንድትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። መልሱ ሁሉ አፌ ላይ ተዘጋጅቷል። አልጮኸችም። «ቤቱ ሲያልቅ ይደውሉልኝ» ብቻ ብላኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ንዴቴን ይዤ የት ልግባ?

በማግስቱ ማሽኑን አንስቼ ያንን ልስን በገዛ እጄ ፈጨሁት። ሁለት ቀን ፈጀ። ኖርማ ያልተሰበሩትን ሰማያዊ ሴራሚኮች ለቅማ ባልዲ ውስጥ አጠራቀመቻቸው። ከዚያ ግቢው ከፍ ያለበት ቦታ ሌላ ጉድጓድ ጀመርኩ።

ሐሙስ ደረሰ። ለቼቦ ላልነግረው ወስኜ ነበር የሄድኩት። ገና ወንበር ስስብ «ሴትዮዋ አየችው?» አለኝ።

አልቻልኩም። አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት፤ ልስኑን፣ አፈሩን፣ ውሸቴን፣ ውሃውን። «ተርፏል፣ ሐኪሙ ሳንባው ደህና ነው ብሏል። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ግን የግራሲዬላም ነው! ቅጽ አስሞልታ፣ አስተማሪ ልካ፣ እልህ ውስጥ ከተተችኝ! መጀመሪያውኑ እንደ ሰው ለኔ ብትሰጠኝ ኖሮ…»

«ምን ትሠራለት ነበር?» አለ ቼቦ።

«ጉድጓድ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ገንዳ» አለ፤ በደህናው የፊቱ በኩል ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው እስኪነቃነቅ። «ግራሲዬላን ተዋት። እሷማ ለአጎቴ ላይል ካልሰጠሁ ብላ አልቅሳብኛለች። እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «አንተ? ሃያ ሁለት ዓመት ሐብሐብ ያጎረስኩትን ለባዕድ? አንተ ነህ ቅጽ ያስሞላኸኝ?»

«ተቀመጥ» አለ። ትንፋሹን ሰብስቦ ቃሉን አንድ በአንድ ነው ያወጣው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠርዙ ላይ ቆሜ የምጮህብህ እኔ ነበርኩ። ከዚህ አልጋ ሆኜ ልጮህብህ አልችልም። የሚጮህብህ ሰው ፈለግሁልህ። ያቺን የውሃ ጥያቄም ለሴትዮዋ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ልሰድበው አፌን ስከፍት ዓይኔ እንባ ሞላ። ቼቦ ያላየ መስሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እና አሁንስ» አለ፤ «ውሃው በየት ይወጣል?»

ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠግቼ በጣቴ ብርድ ልብሱ ላይ ሣልኩለት። «ከፍ ካለው ቦታ ነው የቆፈርኩት። ወለሉ አፈር ነው። ከበሩ ፊት ቦይ አለው፣ በአጥሩ ሥር ወደ መንገድ ያወጣል።»

«ተዳፋቱ?»

«በሜትር ሁለት ሳንቲም።»

«ያንሳል።»

«አያንስም!»

«ያንሳል አልኩህ! መቼ ነው አንተ የምትማረው?»

«አልጋ ላይ ተኝተህ ደግሞ ተዳፋት ታርምልኛለህ?»

ነርሷ በሩን ከፍታ «ምን ሆናችሁ? ሰላም ነው?» አለች። ሁለታችንም «ሰላም ነው!» ብለን ጮህንባት። በማግስቱ ጠዋት የቦዩን ተዳፋት ሦስት ሳንቲም አደረግሁትና ለወይዘሮ ፖሌት ደወልኩ።